ድንኳኑ የት ይደርቃል? ለብርድ ካምፒንግ የሸራ ድንኳን የመረጡ አራት ሰዎች ጉዳይ

## ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

ሚኒሶታ የሚኖሩ አራት ሐበሾች ባለፈው ዊንተር የሸራ ድንኳን ገዙ። በብርድ ወራት ሰሜን ጫካ ውስጥ ለማደር ፈልገው ነው። ምርጫው ብዙ ክርክር ነበረው። ከሐሳቡ ጀምሮ አብሬያቸው ስለነበርኩ የሆነውን ልጻፈው ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ስማችን አይነሳ እንጂ ጻፈው አሉኝ።

ስለ ድንኳን ሲወራ ሁሌም የሚነሳው ስፋቱ፣ የሸራው ውፍረትና ዋጋው ነው። እነዚህ ሰዎች ግን የወሰኑት በሌላ ነገር ነው። በምድጃው፣ በመኪናውና ከጉዞ መልስ ድንኳኑ በሚሰጣበት ቦታ። ይህ በየትም ተጽፎ ስላላየሁት ነው ለመጻፍ የተነሳሁት።

## ሰዎቹና ቦታው

አንደኛው መካኒክ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ቤት አለው፤ ሁለት መኪና የሚያስገባ ጋራዥም አለው። ባለቤቱ ነርስ ናት። ሦስተኛው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። አራተኛው የነርሷ አጎት ናቸው። ስድሳውን አልፈዋል። ወጣት ሳሉ ወታደር ስለነበሩ በሸራ ድንኳን ውስጥ ዓመታት ኖረዋል፤ ግን በቆላ ነው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን።

ቦታው ከዱሉዝ በስተሰሜን ያለው የሱፒርየር ብሔራዊ ደን ነው። ጥድ፣ ሐይቅና በረዶ ነው። በጥርና በየካቲት ሌሊቱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ማንም አይገረምም። የሚኒሶታ የብርድ ሪከርድም የተመዘገበው እዚያው አካባቢ፣ ታወር በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ የካቲት መግቢያ ላይ በፈረንጆቹ 1996፣ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ። እንዲህ ባለ አገር ድንኳን ሲመረጥ «ትንሽ ይበርዳል» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

## ችግሩ

ከዚያ በፊት በነበረው ዊንተር በናይለን ድንኳን ሞክረው ነበር። የብርዱን ነገር በጋዝ ማሞቂያ እንወጣዋለን ብለው አስበዋል። በትንሽ የፕሮፔን ሲሊንደር የሚሠራ፣ ጭስ ማውጫ የሌለው ማሞቂያ ነው።

ማሞቂያው ማሞቁን አሞቀ። ችግሩ ውሃው ነው። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ ወደ 1.6 ኪሎ የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። የአራት ሰው ትንፋሽ ሲጨመርበት ድንኳኑ ውስጥ ያለው አየር በእርጥበት ይሞላል። ናይለን ደግሞ አይተነፍስም። እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ጣሪያ ላይ ሲደርስ ጤዛ ይሆናል፤ ማሞቂያው ሲጠፋ ጤዛው አመዳይ ይሆናል። ሌሊት ላይ ማሞቂያውን መልሰው ሲለኩሱት አመዳዩ ቀልጦ ዘነበባቸው። ቃል በቃል ዝናብ ነው። ስሊፒንግ ባጎቹ በሰበሱ። ሊነጋጋ ሲል ዕቃቸውን ጠቅልለው ዱሉዝ ሞቴል ገቡ።

«በሚቀጥለው የሸራ ነው» ያሉት ጋሼ ናቸው። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ምክንያታቸው ግን «ሸራ ይሞቃል» የሚል ነበር፤ እሱ ልክ አይደለም። ሸራ በራሱ አያሞቅም። ከሸራው ጀርባ የቆመው ሰው ነፋሱ ብቻ ይቀርለታል እንጂ ብርዱ ያው ነው። የሸራ ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የጥጥ ጨርቅ ስለሆነ እንፋሎቱን ያሳልፋል። ሁለተኛ፣ ጭስ ማውጫ ያለው የእንጨት ምድጃ ውስጡ ማንደድ ይቻላል። የናይለን ድንኳን በፍንጣሪ በቅጽበት ይበሳል፣ ሲብስም ይቀጣጠላል።

የድንኳኑን ቅርጽ ሁሉም አገር ቤት ያውቁታል። ቀጥ ያለ ግድግዳ፣ ከላይ ሾጠጥ ያለ ጣሪያ፣ እንደ ቤት ቆሞ የሚገባበት ነው። የዕድር ድንኳን ግድግዳው ወርዶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ መሃሉ ምድጃ ገብቶበት ብታስቡት ያንን ነው።

## ኖራ ጋራዡ ወለል ላይ

ክርክሩ የጀመረው በስፋት ነው። ሹፌሩ 16 በ20 ጫማ ይሁን አለ። እንግዳ ቢመጣስ? ጋሼም ሰፊ ይሻላል ባዮች ነበሩ። እነዚህ ድንኳኖች የሚሸጡት በጫማ ነው፤ 8 በ10፣ 10 በ12፣ 12 በ14፣ 14 በ16፣ 16 በ20። ወረቀት ላይ ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። 12 በ14 የሚባለው 168 ካሬ ጫማ ነው፤ 16 በ20 ደግሞ 320። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የሚሞቀው አየርም እንደዚያው ነው።

ነርሷ ክርክሩን የቋጨችው በኖራ ነው። ባሏ መኪኖቹን አወጣ። እሷ ጋራዡ ወለል ላይ የ12 በ14ቱን አራት ማዕዘን አሰመረች። አራት ተጣጣፊ አልጋ ዘረጋች። በምድጃው ቦታ የካርቶን ሳጥን አስቀመጠች። ከሳጥኑ ዙሪያ አንድ ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ በኖራ ከበበች፤ አልጋም ሸራም ከዚያ ክብ ውስጥ አይገባም አለች። ከዚያ ሁላችንንም ከአልጋ ወደ በር በጨለማ እንደምንሄድ አድርጋ አስኬደችን። ጋሼ የአንዱን አልጋ እግር ረገጡ። ያ አልጋ ቦታ ተቀየረ።

12 በ14 ለአራት ሰው፣ ለምድጃና ለፍልጥ እንጨት ልክ በልክ ሆነ። 10 በ12 ላይ ሦስት አልጋ ነው የሚገባው። እንግዳው ሌላ ድንኳን ይዞ ይምጣ ተባለ። ሻጮች «ይህ ድንኳን ስምንት ሰው ይይዛል» ሲሉ ምድጃ የሌለበትን፣ ሰው መሬት ላይ ተጠጋግቶ የሚተኛበትን ነው የሚቆጥሩት።

## ሸራው

ለዚህ ሥራ የተለመደው ሸራ በካሬ ሜትር 340 ግራም አካባቢ የሚመዝን የጥጥ ሸራ ነው። አሜሪካኖቹ አሥር አውንስ ይሉታል። ከዚያ የሳሳ አለ፣ የወፈረም አለ። ለአራት ሰው በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚተከል ድንኳን አሥሩ ይበቃል።

ዋናው ጥያቄ የተቀባው ነገር ነው። ሸራው ውሃ እንዳያስገባና እንዳይሻግት ይታከማል። አንዳንዱ እሳት እንዲቋቋምም ይታከማል፤ መለያው ላይ ሲ ፒ ኤ አይ 84 የሚል ይታያል። ይህ ማለት ጨርቁ አይነድም ማለት አይደለም። የለኮሰው እሳት ሲወሰድለት ነበልባሉ አብሮ እንዲጠፋ ነው። ምድጃ ውስጡ ለሚነድ ድንኳን ያለዚህ መግዛት ሞኝነት ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ያዩት ያገለገለ ድንኳን ነው። ዋጋው የአዲሱን ሲሶ እንኳ አይሆንም። ሻጩ ገበሬ ነው፤ ድንኳኑ ጎተራው ውስጥ ለዓመታት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሲዘረጋ ነርሷ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ጣሪያው ስፌት አጠገብ ጥቁር ነጠብጣብ ነበረ። መካኒኩ ስፌቱን በሁለት እጁ ይዞ ሳብ አደረገው፤ እንደ አሮጌ ጋዜጣ ተተረተረ። ሻጩ ራሱ ደነገጠ። አመስግነው ወጡ።

ስለዚህ ሸራውን አዲስ፣ ምድጃውን ያገለገለ ገዙ። ይህ ክፍፍል ጥሩ ነበር። የላሜራ ምድጃ ጉዳቱ በዓይን ይታያል፤ የተጣመመ ክዳን፣ የተሰነጠቀ ብየዳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ። መካኒኩ ውስጡ የእጅ ባትሪ አብርቶ በጨለማ ከውጭ አየው፤ ያንን ለመፈተሽ አምስት ደቂቃ በቃው። የሸራ መበስበስ ግን ካልሳቡት አይታወቅም።

ሲገዙ አጥብቀው የያዟቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንዱ የጭስ ማውጫ ቀዳዳው ነው። ቱቦው ሸራውን እንዳይነካ ዙሪያው ሙቀት በሚችል፣ ሲሊከን በተቀባ የፋይበርግላስ ጨርቅ መሠራት አለበት። ቀዳዳው በግድግዳ በኩል ሲሆን ቱቦው ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፤ ፍንጣሪው ከጣሪያው ይርቃል፣ ጭሱ ግን በደንብ አይሳብም። በጣሪያ በኩል ሲሆን ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ይስባል። የጣሪያውን መረጡ። ሌላው ከግድግዳው ሥር የሚሰፋው የፕላስቲክ ሸራ ጠርዝ ነው። ወደ ውስጥ ታጥፎ ወለል ይነጠፍበታል፣ ከውጭ በረዶ ይከመርበታል። ይህ ከሌለ ነፋስ ከሥር ይገባል፤ እርጥበትም ጥጡን ከታች ይበላዋል።

ከላይ የሚደረበውን ሁለተኛ ጣሪያ ግን ተዉት። ገንዘብ ለመቆጠብ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

## ማቆሚያው ብረት

ድሮ ጫካ ውስጥ ግንድ ተቆርጦ ነበር ይህ ድንኳን የሚቆመው። ዛሬ በብዙ ቦታ ዛፍ እየቆረጡ መትከል አይፈቀድም፤ ቀጥ ያለ ደረቅ ግንድ በበረዶ ውስጥ መፈለግም ቀን ይፈጃል። መካኒኩ ማጋጠሚያ ክርኖቹን ብቻ ገዛ። ቱቦውን ከሕንፃ መሣሪያ መደብር አመጣ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት የብረት ቱቦ ነው፣ ርካሽ ነው፣ በየትም ይገኛል።

ቱቦውን ግን ወዲያው አልቆረጠም። አዲስ የጥጥ ሸራ መጀመሪያ ይረጥባል፣ ይደርቃል። ክሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና የስፌቱን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ሲደርቅ ደግሞ ይሰበሰባል። ጓሮ ዘርግተው በጎማ ውሃ አርከፈከፉበት፣ ፀሐይ ላይ አደረቁት፣ ደግመው አርከፈከፉበት። ከዚያ በኋላ ነው መካኒኩ በሜትር ለክቶ የቆረጠው። ቀድሞ ቆርጦ ቢሆን ማቆሚያው ይተልቅ ነበር፤ ሸራው በግድ ሲወጠር ስፌቱን ይበላዋል።

የቱቦዎቹን ጫፍ በቀለም ለየ። ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ። ጓሮ ውስጥ ሹፌሩ «የልጆች ጨዋታ ነው እንዴ?» ብሎ ስቆበታል። በኋላ ጨለማ ላይ፣ በወፍራም ጓንት፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲተክሉት አልሳቀም። እዚያ ብርድ ላይ ብረት በባዶ እጅ አይያዝም፤ ቆዳ ይይዛል። ከሠሩት ሁሉ በትንሽ ወጪ ብዙ የረዳቸው ይህ ቀለም ነው ብል አላጋነንኩም።

ምድጃውንም እዚያው ጓሮ ደጋግመው አነደዱት። ቀለሙና ዘይቱ ሲቃጠል መጥፎ ጭስ ይወጣል፤ ያ ጭስ ድንኳን ውስጥ መውጣት የለበትም።

## ጫካው ውስጥ

ሸራው ብቻውን ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። ብረቱ፣ ምድጃው፣ አልጋው፣ እንጨቱ ሲጨመር የመካኒኩ ፒክአፕ ሞላ። ስለዚህ መኪና ከሚደርስበት ቦታ ብዙ አልራቁም። በእግር ገብቶ ለሚያድር ሰው ይህ ድንኳን አይሆንም፤ ነጥቡ እዚያ ያልቃል።

እንጨቱን ከቤታቸው አልጫኑም። ኤመራልድ አሽ ቦረር የሚባል አረንጓዴ ጥንዚዛ በፍልጥ እንጨት እየተጓዘ ዛፍ ይፈጃል። ሚኒሶታ ውስጥ በፈረንጆቹ 2009 ሴንት ፖል ላይ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ እንጨት ከቦታ ቦታ ማጓጓዝ ላይ ደንብ አለ። ከሚያድሩበት አቅራቢያ ደረቅ ፍልጥ ገዙ።

ድንኳኑን ከመትከላቸው በፊት በረዶውን በጫማ ረገጡት። ከዚያ ተዉት። የተረገጠ በረዶ ትንሽ ቆይቶ ይጠነክራል፤ ወዲያው ከተተከለበት ግን ሌሊት አልጋው ሥር ይሰምጣል። ካስማ በረዶ ውስጥ አይያዝም። ጋሼ «ካስማ ከሌለ ምን ላይ እናስራለን?» ብለው ተጨነቁ። ገመዱን ወፍራም እንጨት ላይ አስረው እንጨቱን ቀበሩት፣ ላዩን ረገጡት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንደ ሲሚንቶ ያዘ። ጋሼ ገመዱን ሳብ ሳብ አድርገው «ይኼስ ከእኛ ካስማ ይበልጣል» አሉ።

የምድጃው እግር ሥር እርጥብ ግንድ ደረደሩ። ካልሆነ በረዶው ይቀልጥና ምድጃው ያዘምማል፤ የዘመመ ምድጃ ቱቦውን ከመጋጠሚያው ይነቅላል። ቱቦው ከጣሪያው ጫፍ በላይ ወጣ፤ ዝቅ ካለ ነፋስ ጭሱን መልሶ ያስገባዋል።

እሳቱ ሲያዝ ሁሉም ጃኬት አወለቁ። ቆሞ ያለ ሰው በቲሸርት ነው። ሹፌሩ ወለሉ ላይ የተወው የውሃ ፕላስቲክ ግን እዚያው አንገቱ ድረስ በረዶ ሠራ። ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል፤ ወለሉ ያው በረዶ ነው። ተጣጣፊ አልጋ ከመሬት ከፍ ቢልም ቀዝቃዛ አየር ከሥሩ ይዞራል። ወፍራም የስፖንጅ ምንጣፍ አልጋው ላይ ያነጠፉት ሦስቱ ተኙ። ያላነጠፈው ሹፌሩ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ምድጃውን የጠበቀው እሱ ሆነ።

ጠባቂ ደግሞ ያስፈልግ ነበር። ትንሽ የላሜራ ምድጃ ሞልተውት ቢተኙ ከሁለት ከሦስት ሰዓት በላይ አይሄድም። ብዙ ይቆይ ብለው አየሩን ሲዘጉበት እንጨቱ በደንብ አይነድም፤ ጭሱ ቱቦው ውስጥ ሬንጅ ይሆናል፣ ጫፉ ላይ ያለውን የፍንጣሪ ወንፊትም ይደፍነዋል። በሁለተኛው ሌሊት ይህ ደረሰባቸው። ጭሱ ወደ ውስጥ ተመለሰ። በሩን ከፍተው፣ ቱቦውን አቀዝቅዘው፣ ወንፊቱን በሽቦ ብሩሽ ጠረጉ። የሌሊቱ ሙቀት በዚያው ሄደ።

## የቡናው ነገር

ከጉዳዩ ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ሐበሻ ካምፕ ሄዶ ቡና ሳያፈላ አይመለስም። ሹፌሩ ከሰል ይዞ ነበር። ውጭ አቀጣጠለው፣ ፍም እስኪሆን ጠበቀ፣ ከዚያ ወደ ድንኳኑ አስገባው። አገር ቤት ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው፤ ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም ይባላል።

ነርሷ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ሰቅላ ነበር። ቁጥር የሚያሳይ ዓይነት ነው። ረከቦቱ ገና እየተዘረጋ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ጮኸ።

«ከሰሉ ፍም ሆኗል እኮ፤ ጭስ የለውም» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ የፈራሁት ጭሱን አይደለም። ይኼ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ይነሱልኝ፣ ላውጣው።»

አወጣችው። በሩ ተከፈተ፣ ሁሉም ውጭ ቆሙ። በኋላ እሳት ዳር ሆና አስረዳቻቸው። ጋዙ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከኦክስጅን ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው የሚይዘው። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ በዚያው ይቀራል። በአገራችን በክረምት «በከሰል ታፍነው» የሚባሉት ሰዎች ታሪክ ይኸው ነው። የእንጨቱ ምድጃ የሚለየው ቱቦ ስላለው ነው። ከሰሉ የሚለቀው ጋዝ መውጫ የለውም፤ የሸራው መተንፈስ አይበቃውም።

ስለ ማስጠንቀቂያው አንድ ነገር ልጨምር። ለቤት የሚሸጡት ብዙዎቹ የተሠሩት ከ4 ዲግሪ በላይ ለሆነ ሙቀት ነው። ምድጃው ሲጠፋ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ከዚያ በታች ይወርዳል፤ በዚያን ጊዜ መሣሪያው ይታመናል ማለት አይቻልም። ነርሷ የገዛችው ለተሳቢ ቤትና ለጀልባ የሚሠራውን ነው፤ ብርድ ይችላል። የሰቀለችውም በሚተኙበት ራስ ከፍታ ነው።

ቡናው አልቀረም። ምጣዱ የምድጃው ላሜራ ላይ ተቀመጠ፣ ተቆላ። ጀበናውም እዚያው ፈላ። ጋሼ ቢያንስ አቦሉ ከከሰሉ ይልቅ ቶሎ ደረሰ ብለዋል።

## ያልሠራው

ሁለተኛውን ጣሪያ መተዋቸው ዋጋ አስከፈላቸው። በረዶ ሲጥል የሞቀው ሸራ ላይ ያርፋል፣ ይቀልጣል። እሳቱ ሲደክም መልሶ በረዶ ይሆናል። ጠዋት ጣሪያው ላይ ስስ የበረዶ ቅርፊት ነበረ። ቅርፊቱ ሸራውን ስለደፈነው እንፋሎቱ መውጫ አጣ፣ ከውስጥ በኩልም አመዳይ ያዘ። ይኼ ደግሞ ከናይለኑ የሸሹት ነገር ነው። በተጨማሪ ከቱቦው የወጡ ፍንጣሪዎች ጣሪያው ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ትተዋል። ላዩ ላይ የሚያንሸራትት ሁለተኛ ጣሪያ ቢኖር በረዶው ይንሸራተት ነበር፣ ፍንጣሪውም እሱን ነበር የሚበሳው።

በጀት ሲጠብብ የሚቆረጠው ነገር ሁሌ ይሄኛው ነው። ለብርድ ካምፒንግ ግን እኔ ብሆን የድንኳኑን ስፋት ቀንሼ ሁለተኛውን ጣሪያ እገዛለሁ።

ያረጀ ስሊፒንግ ባግ ይዘው መምጣታቸውም ሌላው ነው። «ምድጃ አለን» የሚለው ሐሳብ ያዘናጋል። ምድጃው ሊጠፋ ይችላል፤ ጠፍቷልም። ስሊፒንግ ባጉ መመረጥ ያለበት ምድጃ እንደሌለ ተቆጥሮ ነው።

## መልሱ ጉዞ

በመጨረሻው ጠዋት ቅርፊት የያዘው ሸራ አልታጠፍ አለ። እንደ ጣውላ ቆመ። በመጣበት ከረጢት ውስጥ አይገባም፤ ፒክአፑ ላይ እንደ ቆርቆሮ ጫኑት። መደረግ የነበረበት መጨረሻ ላይ ምድጃውን በደንብ አንድዶ ሸራውን ማድረቅ፣ ከዚያ ሌላው ዕቃ ሁሉ ወጥቶ ድንኳኑን በመጨረሻ ማውረድ ነው። ጊዜ ስላልነበራቸው አላደረጉትም።

በረዶው ሳይቀልጥ እስካለበት ድረስ ሸራ አይሻግትም። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ሲቀልጥ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ተጠቅልሎ ከዋለ ሻጋታው ይጀምራል። ሹፌሩ ከመንገድ ላይ ደውሎ «እኔ ጋ ይቀመጥ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ሳጥን አለኝ» ብሎ ነበር። እዚያ ቢገባ ኖሮ ድንኳኑ በዚያው ያልቅ ነበር። መካኒኩ ጋራዡ ጣሪያ ላይ ገመድ ዘርግቶ ሰቀለው፣ ማራገቢያ ከፈተበት። መኪኖቹ ውጭ አደሩ።

ሆኖም አንድ ማዕዘን፣ ከታች ያለው ፕላስቲክ የተሰፋበት፣ ሳይደርቅ ቀረ። ጥቂት ጥቁር ነጥብ አወጣ። ጋሼ ወዲያው በረኪና አሉ። በረኪና የጥጡን ክር ያደክመዋል፣ የተቀባውንም መከላከያ ያወጣዋል። በደረቅ ብሩሽ ጠርገው ፀሐይ ላይ ዋለ። ነጥቡ አልጠፋም፤ መስፋፋቱ ግን ቆመ።

## ለሌላ ሰው ምን ይተርፋል

ጋራዥ፣ ግቢ ወይም ሰፊ ምድር ቤት የሌለው ሰው 12 በ14 ሸራ ባይገዛ እመክራለሁ። መከራየት ይቻላል፤ ወይም ከፖሊስተርና ከጥጥ የተቀላቀለ፣ ቀለል ያለና ቶሎ የሚደርቅ ትንሽ ድንኳን ከትንሽ ምድጃ ጋር ይበቃዋል። አፓርታማ ውስጥ 30 ኪሎ እርጥብ ሸራ ምን እንደሚሆን የትዳር ጓደኛዎን ይጠይቁ።

ምድጃውን መጀመሪያ ይምረጡ። ስንት እንጨት መሸከም ይችላሉ? ሌሊት ማን ይነሳል? ከዚያ ድንኳኑ ስንት ካሬ እንደሚሆን ራሱ ይመጣል።

ከአገር ቤት የጠየቀኝ አንድ ወዳጄም ነበር። ሰሜን ተራሮች ላይ ቱሪስት ያሳድራል። ሳንቃበርም ሆነ ጨነቅ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ናቸው፤ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ለእሱ ይህን ድንኳን አልመከርኩም። በፓርኩ ውስጥ እንጨት መልቀም አይፈቀድም፤ ዕቃው የሚጓዘው በበቅሎ ነው። እንጨት የሌለው የሸራ ድንኳን ባዶ ክብደት ነው። እዚያ የሚያዋጣው ጥሩ ስሊፒንግ ባግ፣ ወፍራም ምንጣፍና ነፋስ የሚችል ትንሽ ድንኳን ነው።

## አሁን ያለው ሁኔታ

ሁለተኛው ጣሪያ ተገዝቷል። የቱቦው ማለፊያ አካባቢ በፋይበርግላስ ተሰፍቷል። የፍንጣሪ ቀዳዳዎቹ በስፌት ማሸጊያ ተደፍነዋል። አሮጌዎቹ ስሊፒንግ ባጎች ለበጋ ተቀምጠዋል።

ሹፌሩ ለገና ቤተሰቡን ይዞ ሊሄድበት ድንኳኑን ጠይቋል። መካኒኩ ፈቀደ፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ሹፌሩ በተመለሰ ዕለት፣ እሑድ ማታ ቢሆንም፣ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ድንኳኑን ጋራዡ ውስጥ ሰቅሎ እንዲሄድ።